ያገለገለ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ለጎጃም መንገድ፦ ቢዋይዲ ሲል፣ ሞዴል 3 ወይስ ታይካን?

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ ያገለገለ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ አስባችኋል እንበል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ገበያው ወደ ባትሪ ዞሯል። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ከቤት ወደ ሥራ የሚያደርስ ትንሽ የከተማ መኪና ነው። መንዳት የሚወድ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ የቻይናው ቢዋይዲ ሲል (BYD Seal)፣ ቴስላ ሞዴል 3፣ ኪሱ ከፈቀደ ደግሞ ፖርሽ ታይካን። ሦስቱም ከቆሙበት ተነስተው በሰዓት 100 ኪሎሜትር ፍጥነት ላይ ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚደርስ ዓይነት አላቸው።

ደላላው የሚነግራችሁ የተሠራበትን ዓመትና የተነዳውን ኪሎሜትር ነው። ለነዳጅ መኪና እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። ለባትሪ ግን የታሪኩን ግማሽ እንኳ አይነግሩም። ሦስት ነገር ማወቅ ይሻላል፦ ባትሪው የምን ዓይነት ነው? የት፣ እንዴት ተይዞ ኖረ? ዛሬ ስንት አቅም ቀረው? ከዚያ የቀረው አቅም የአባይን በረሃ ተሻግሮ ከነመጠባበቂያው ያደርሳችሁ እንደሆነ ታሰላላችሁ። ዋጋ መደራደር ከዚያ በኋላ ነው።

ባትሪው የት ኖረ?

ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል። በመሥራት ያረጃል፤ በመቀመጥም ያረጃል። ገዢ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

ሊቲየም ባትሪ ውስጥ በአንደኛው ዋልታ ላይ ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ከዓመት ዓመት እየወፈረ ይሄዳል። በወፈረ ቁጥር ከባትሪው ሊቲየም ጥቂቱን ይዞ ያስቀራል፤ የተያዘው ሊቲየም ደግሞ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ይህን የሚያፋጥኑት ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። 100 ፐርሰንት ተሞልቶ ለወራት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና አንድ ኪሎሜትር ሳይነዳ ያረጃል።

ስለዚህ "ዜሮ ኪሎሜትር ነው፣ አልተነካም" ስትባሉ ደስታችሁን ትንሽ አቆዩት። መቼ ተመረተ? ጅቡቲ ወደብ ላይ ስንት ጊዜ ቆየ? ሻጩ ግቢ ውስጥ ስንት ወር ቆመ፣ ስንት ፐርሰንት ላይ? ባዶ ሆኖ መቆምም ክፉ ነው። ባትሪ ከሚገባው በታች ወርዶ ከቆየ ሴሎቹ፣ ማለትም ባትሪው የተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ እስከወዲያኛው ይጎዳሉ።

የመጣበት አገርም ለውጥ አለው። በዱባይ በኩል የገባ መኪና እዚያው ተነድቶ ከሆነ 45 ዲግሪ የሚደርስ በጋ አሳልፏል። ከአውሮፓ የመጣው ከዚህ ሙቀት ድኗል፤ ግን ክረምት ላይ በቀዘቀዘ ባትሪ ተደጋጋሚ ፈጣን ቻርጅ ተደርጎለት ከሆነ ያ የራሱ ጉዳት አለው። የኛ አየር ለባትሪ ፀጋ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት። ባሕር ዳር እንኳ ሞቃት ብትባል 1,800 ሜትር ላይ ናት። መኪናው እናንተ ጋ ከመጣ በኋላ ቀስ ብሎ ያረጃል። ያለፈውን ግን የጎጃም ብርድ አይመልሰውም። የጠፋ አቅም ጠፍቷል።

ስለ መነዳት ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት፣ እንደ እውነተኛ መንዳት አንዴ እየተጫኑ አንዴ እየቀለሉ የተፈተኑ ባትሪዎች፣ በቤተ ሙከራ አንድ ወጥ በሆነ ፍጥነት ከሚፈተኑት እስከ 38 በመቶ የሚደርስ ረጅም ዕድሜ አሳይተዋል። በየቀኑ የተነዳ፣ ቤት ውስጥ በዝግታ ቻርጅ የተደረገ፣ 80,000 ኪሎሜትር የሄደ መኪና ስታዩ አትሽሹ። 15,000 ብቻ ሄዶ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ከቆመው ሊሻል ይችላል።

አማካይ ቁጥር ለሚፈልግ፦ ጂኦታብ የተባለው የተሽከርካሪ ክትትል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ ባትሪዎች በአማካይ በዓመት 1.8 በመቶ አቅም ያጣሉ። ይኸው ኩባንያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. የ2015 ስሪቶችን ሲያወዳድር በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ቴስላ ሞዴል ኤስ በዓመት 2.3፣ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሌለው ኒሳን ሊፍ 4.2 በመቶ አጥተው ነበር። ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዋናው ምክንያት ማቀዝቀዣው ነው። የኛ ሦስቱ መኪኖች ሁሉም የባትሪ ማቀዝቀዣ አላቸው። ማቀዝቀዣው ዛሬም ይሠራል ወይ የሚለው ግን መታየት አለበት።

ሦስቱ ጎን ለጎን

ቢዋይዲ ሲል እ.ኤ.አ. በ2022 ነው ገበያ ላይ የወጣው። ባትሪው ብሌድ የሚባለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው፤ በአጭሩ ኤልኤፍፒ ይሉታል። ኒኬልም ኮባልትም የለበትም። ይህ ዓይነት ብዙ ጊዜ ቢሞላና ቢራገፍ ይችላል፣ በቀላሉም እሳት አይነሳበትም። ትልቁ ባትሪ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ አለ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ አለ። በ3.8 ሰከንድ 100 የሚደርሰው ባለአራቱ ነው።

ኤልኤፍፒ አንድ ጠባይ አለው። ቮልቴጁ ከሙሉ እስከ ባዶ ብዙም ስለማይለወጥ ኮምፒውተሩ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ይቸገራል። ለረጅም ጊዜ 100 ካልተሞላ ስክሪኑ 20 ፐርሰንት እያለ በእውነቱ 12 ሊሆን ይችላል። ቴስላ ለኤልኤፍፒ መኪኖቹ በሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙሉ ብሎ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ሞዴል 3 ላይ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከሻንጋይ የወጣው የኋላ ጎማ ነጂ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በኤልኤፍፒ መጥቷል። ፈጣኑ ፐርፎርማንስ ግን ኒኬል ያለበት ባትሪ ነው። ኒኬል በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ሙሉ ሆኖ መቆምን ግን አይወድም፣ ለየዕለቱ 80 ይበቃዋል። የቀድሞው ባለቤት በየምሽቱ 100 እየሞላ ያሳደረው ፐርፎርማንስ ከመሰሎቹ ቀድሞ ይደክማል። የምታዩት መኪና የትኛው እንደሆነ በሻጩ ቃል ብቻ አትመኑ። ስክሪኑ ላይ የሶፍትዌር ገጽ ውስጥ ግቡና ስለ መኪናው ተጨማሪ መረጃ የሚለውን ክፈቱ፤ የባትሪው ዓይነት እዚያ ተጽፏል።

ታይካን እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው። በ800 ቮልት ይሠራል፣ ባትሪውም ኒኬል ያለበት ነው። ትልቁ ባትሪ በመጀመሪያዎቹ ስሪቶች 93.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለነጂው የተፈቀደው ግን 83.7 ብቻ ነው። የቀረው ተጠብቆ የተቀመጠ ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ባትሪው እስከ ጫፍ ስለማይሞላ ይተነፍሳል። ታይካንን ሳስብ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአንዳንዶቹ የባትሪ ሞጁል (ሴሎች አንድ ላይ የታሰሩበት ክፍል) ውስጥ ሾርት ሊፈጠር ይችላል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2024 የጥገና ጥሪ ወጥቶ ነበር። በሻንሲ ቁጥሩ አጣሩ። ጥሪው ይመለከተው ከነበረና ሥራው ካልተሠራለት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚሠራላችሁ ጋራዥ አታገኙም።

የአባይ በረሃ ሒሳብ

ማስታወቂያ ላይ ያለውን ርቀት ረሱት። ያው ባለ82.5 ቢዋይዲ ሲል የኋላ ነጂ በቻይና መለኪያ 700 ኪሎሜትር፣ በአውሮፓ መለኪያ 570 ይባላል። መኪናው አንድ፣ ባትሪው አንድ። የተለየው መለኪያው ነው። ከቻይና በቀጥታ የመጣ መኪና የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ነው።

እኛ ራሳችን የምናውቀው መለኪያ አለ፦ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎሜትር፣ መሃሉ ላይ አባይ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መውረድ፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን መውጣት። ከፍታው ከ1,200 ሜትር በላይ ነው። 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የሞተሩን ብክነትና የመንገዱን ግጭት ስትጨምሩበት ከድልድዩ ደጀን ለመድረስ 10 አካባቢ ይሆናል። ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ የተወሰነው ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ ሙሉው ግን አይመለስም።

አሁን አቅማቸው ወደ 80 በመቶ የወረደ ሦስት መኪኖችን በዚህ መንገድ እናስኪድ። ፍጆታውን በግምት ነው የወሰድኩት፤ እግሩ የከበደ ነጂ ይጨምርበት። ታይካን በ100 ኪሎሜትር 22 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ለ300 ኪሎሜትር 66 ይፈልጋል። ከ83.7 የቀረለት 67 ነው። በቃ፣ ምንም አልተረፈም። ባለአራት ጎማ ነጂው ቢዋይዲ ሲል በ19 ቢሄድ 57 ይፈልጋል፣ ያለው 66 ነው፤ 9 ይተርፈዋል። ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ በ17 ቢሄድ 51 ይፈልጋል። አዲስ ሳለ 75 አካባቢ ስለነበር አሁን 60 አለው፤ እሱም 9 ይተርፈዋል። የኋላ ጎማ ነጂው ቢዋይዲ ሲል ቀለል ስለሚል ከሁሉም የተሻለ ይተርፈዋል።

ታይካን አዲስ ሆኖ ያለችግር የሚጨርሰውን መንገድ አርጅቶ አይጨርሰውም። ሞዴል 3 ትንሽ ባትሪ ይዞ ይጨርሳል፣ ቆጣቢ ስለሆነ። ስለዚህ ሁለት መኪና ስታወዳድሩ ትልቁን ባትሪ አትፈልጉ። የቀረውን ኪሎዋት ሰዓት ለፍጆታው አካፍሉት።

መጠባበቂያ ያልኩት ለጌጥ አይደለም። በዚህ መንገድ መኪና ተበላሽቶ መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል፤ በተለያየ ምክንያት ተመለሱ ልትባሉም ትችላላችሁ። ለመድረስ ብቻ የሚበቃ ቻርጅ ይዞ አባይ መውረድ አይገባም። አቅሙ 80 በመቶ በሆነ ቢዋይዲ ሲል ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ድልድዩ ላይ 45 ፐርሰንት ካልያዛችሁ ደብረ ማርቆስን አታስቡ፤ ደጀን ላይ ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

የደጀን ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠንቀቅ። ሌሊቱን 100 ሞልቶ ጠዋት ወደ በረሃው ቢወርድ ባትሪው የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያኖርበት ቦታ የለውም። መኪናው በሞተሩ መያዝ ያቆማል፤ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል። 85 ላይ ይነሳ።

ራሳችሁ ለኩት

የባትሪ ጤንነት 96 በመቶ የሚል ወረቀት ወይም የስልክ ፎቶ ሊያሳዩዋችሁ ይችላሉ። ቁጥሩ የመጣው ከመኪናው ኮምፒውተር ነው፤ አንዳንድ መኪና ላይ ይህ ቁጥር ተመልሶ እንዲጀምር ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ በሁለት መንገድ አረጋግጡ።

የመጀመሪያው መኪናው ላይ የምትሰካ ትንሽ የመመርመሪያ መሣሪያ ናት። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች። መተግበሪያው ለመኪናው የሚሆን መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ለታይካን የሚሠራው ለቢዋይዲ ላይሠራ ይችላል። ቴስላ ላይ ለምሳሌ ባትሪው ከተሠራ ጀምሮ በጠቅላላ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባበት፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በፈጣን ቻርጅ እንደሆነ ይታያል። ይህ ቁጥር ኪሎሜትር የተቀነሰበትን መኪና ያጋልጣል። 30,000 ኪሎሜትር ብቻ ሄደ የተባለ መኪና 15,000 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ ከተገኘ አንዱ ውሸት ነው።

እዚያው የሴሎቹን ቮልቴጅ እዩ። ሴሎቹ በተርታ ስለተያያዙ የሁሉም አቅም የሚወሰነው በደካማው ነው። አንዱ በሬ ከደከመ ጥማዱ በብርቱው ፍጥነት አያርስም። በኒኬል ባትሪ ላይ መኪናው አርፎ ሳለ በትልቁና በትንሹ መካከል ከ50 ሚሊቮልት በላይ ልዩነት ካያችሁ ባለሙያ ሳይመለከተው አትግዙ። ኤልኤፍፒን ግን መሃል ላይ መለካት አይረባም፤ ሁሉም እኩል ይመስላል። ሊሞላ ሲል ወይም ወደ ማለቁ ሲቃረብ እዩት።

ሁለተኛው መንገድ መንዳት ነው፤ እኔ የምተማመነው በዚህ ነው። መኪናውን 100 ሙሉ፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ፣ ከባሕር ዳር በመራዊ አድርጋችሁ ዳንግላ ደርሳችሁ ተመለሱ። 156 ኪሎሜትር ሄዳችሁ አማካይ ፍጆታው 17 ከሆነ 26.5 ኪሎዋት ሰዓት በልታችኋል። ስክሪኑ ከ100 ወደ 64 ከወረደ 26.5ን ለ0.36 አካፍሉ፤ 73.6 ይመጣል። ባትሪው አዲስ ሳለ 82.5 ከነበረ 89 በመቶ ቀርቷል ማለት ነው። ግን ፐርሰንቱ በአንድ ቢሳሳት መልሱ ከ87 እስከ 92 ይዋልላል። መንገዱን ባስረዘማችሁ ቁጥር ስህተቱ ይጠባል። እንጅባራ ድረስ ብትሄዱ ይበልጥ ጥሩ፤ ዳገቱም ይፈትነዋል። 30 ፐርሰንት አካባቢ ሲቀረው ዳገት ላይ አጥብቃችሁ ርገጡት። ጉልበቱ በግልጽ ከቀነሰ ወይም ፐርሰንቱ በአንዴ ዘሎ ከወረደ ባትሪው ውስጡ ደክሟል።

ሻጩ ይህን ያህል እንድትነዱ ካልፈቀደ፣ በቤት ቆጣሪ መለካት ይቻላል። 20 ላይ ሰክታችሁ እስከ 100 ሙሉና ቆጣሪው ያነበበውን ውሰዱ። አንድ አሥረኛውን ለብክነት ቀንሱ፣ የቀረውን ለ0.8 አካፍሉ። በተራ 16 አምፔር መስመር በሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚገባ ሌሊቱ ብቻ አይበቃም፤ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ጊዜ ስጡት።

ከሥር እና ከሶኬቱ

ፈጣን መኪና ለመሬት ቅርብ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ከሁሉ በታች ነው። በጠጠር መንገድ የሄደ፣ በየከተማው መግቢያ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ የገጨ መኪና ጠባሳ ይኖረዋል። ከፍ አድርጋችሁ እዩት። የሆዱ ብረት ከተሰረጎደ ወይም አዲስ ቀለም ከተቀባ ተዉት። ቢዋይዲ ሲል ላይ ባትሪው የመኪናው አካል ሆኖ ስለተሠራ እዚያ ያለ ጉዳት ተራ ሥራ አይደለም።

ሶኬቱንም አትርሱ። የቻርጅ ሶኬቱ ዓይነት ከቻይና የመጣው ላይ ጂቢቲ፣ ከአውሮፓ የመጣው ላይ ሲሲኤስ2 የሚባለው ነው፤ አሜሪካ የተሠራ ቴስላ የራሱ አለው። በምትመላለሱበት መንገድ ላይ ያለው ቻርጀር የትኛውን እንደሚቀበል ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

እኔ ብሆን

ከአዲስ አበባ ጎጃም ለሚመላለስ ሰው የምመርጠው የኋላ ጎማ ነጂውን ቢዋይዲ ሲል ነው፣ ትልቁን ባትሪ የያዘውን። 3.8 ሰከንዱ ይቀርበታል። ግን ቶሎ የማይደክም ባትሪና ለአባይ የሚበቃ መጠባበቂያ ይዟል። በልኬት ከ88 በመቶ በታች ከሆነ ሌላ እፈልጋለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 በፊት የተሠራ ስለማይኖር ከዚያ በታች መውረዱ አያያዙ መጥፎ እንደነበር ይናገራል።

ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ታሪኩ ግልጽ ከሆነ ከእሱ አያንስም፤ መንዳቱን ለሚወድ ሰው እንዲያውም ይበልጣል። ከባሕር ዳር ብዙም ለማይወጣ ሰው ባለኤልኤፍፒው ሞዴል 3 በቂ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ታይካን ውብ መኪና ነው፤ ከሦስቱ ልቤን የሚወስደውም እሱ ነው። ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን አልመክረውም። አንድ ሞጁል ቢበላሽ በጭነት መኪና ተጭኖ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎሜትር፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ከዚያም በላይ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አለበት።

ዋስትናን በተመለከተ፣ ፖርሽና ቴስላ ባትሪው በ8 ዓመት ውስጥ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ እንጠግናለን ይላሉ፤ ፖርሽ እስከ 160,000 ኪሎሜትር፣ ቴስላ እንደ ዓይነቱ ከዚያም በላይ። ያ ተስፋ ግን መኪናው በተሸጠበት ገበያ ነው የሚሠራው። በሌላ በር ለገባ መኪና እዚህ ማን እንደሚያከብረው በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንድ ዋስትና ደግሞ ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው፤ ሊብሬው ወደ እናንተ ሲዞር ያበቃል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የለካችሁትን አቅም፣ የለካችሁበትን ቀንና የሻንሲ ቁጥሩን ውሉ ላይ አስገቡ። ርክክቡ በዘገየ ጊዜ መኪናው 50 ፐርሰንት አካባቢ ሆኖ ጥላ ሥር እንዲቆምም አብራችሁ ጻፉ። ሻጩ ይህን ለመፈረም ካንገራገረ ቀብዱን ኪሳችሁ መልሱ።